ባና የተከሰሰበት ሰሞን

ድሮ ሰው ያልተጨበጠ ነገር ሲያወራ ቢያንስ «ይባላል» ይል ነበር። «ይባላል» ጨዋ ቃል ናት፤ ኃላፊነቱን ከራሷ ላይ ብታራግፍም ለሰሚው ትንሽ የመጠራጠሪያ ቀዳዳ ትተውለታለች። ዛሬ «ይባላል» የሚል ሰው ጠፍቷል። ዛሬ ሁሉም ነገር «በጥናት ተረጋግጧል»። ማን አጠናው? የት አጠናው? ምኑን አጠናው? ብላችሁ ከጠየቃችሁ ጨዋታ አበላሽ ናችሁ። እኔ መሐል ሜዳ ታሪክ የማስተምር ሰው ስለሆንኩ ጨዋታ ማበላሸት ሥራዬም ነው፤ ደመወዝ ይከፈለኛል።

ሰሞኑን ግን በጥናት የተረጋገጠው ነገር ቤታችን ድረስ መጣ። ተከሳሹ ባና ነበር። ባና ለማታውቁ፣ ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራ ወፍራም የኛ አገር ብርድ ልብስ ነው። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ሰው ባና ላይ ክፉ አይናገርም።

ዘመሮ የምትኖረው ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነቡ፣ ልጇ ሰላማዊት ደብረ ብርሃን ላይ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ መቃረቧን ስትሰማ፣ ጠጉሩን አጥባ፣ በደጋን ነድፋ፣ አቅጥና ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ ለስለስ ያለ የሕፃን ባና አሠርታ ላከችላት። ልጁ በሰላም ተወለደ። ባናው ግን ከነፌስታሉ ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ለምን? ሰላማዊት ስልኳ ላይ አንድ ጽሑፍ ደርሷታል፦ «የሱፍ ብርድ ልብስ የሕፃናትን ሳንባ እንደሚጎዳ በጥናት ተረጋገጠ።» ከሥሩ የመንዝ ባና ፎቶ ተለጥፎበታል።

ሰላማዊት ክፉ ልጅ አይደለችም። አዲስ እናት ናት፤ አዲስ እናት ደግሞ ሕፃኑ ባስነጠሰ ቁጥር ትደነግጣለች። እንዳይከፋት ብላ ነገሩን በለሰለሰ ቃል ለእናቷ በስልክ ነገረቻት። እትዬም «ይሁን እንግዲህ፣ ዋናው የልጁ ጤና ነው» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ግን ሰላማዊት በደወለች ቁጥር ቶሎ ቶሎ ትዘጋባት ጀመር። ዘመሮ ያሉት ጎረቤቶችም ዘነቡ እንዝርት መጨበጥ ተወች ብለው ለሰላማዊት ነገሯት። «አጎቴ፣ እማዬ ተቀይማኛለች መሰለኝ፣ አስታርቀኝ» ብላ ለመነችኝ።

እኔም ቅያሜ መሰለኝ። ሽምግልና ከመግባቴ በፊት ክሱን ላጣራ ብዬ ተነሣሁ።

መጀመሪያ ጽሑፉን ወዳወጣው የቴሌግራም ቻናል ባለቤት ጻፍኩ። ትሑት ሰው ነው፤ ወዲያው መለሰልኝ። ከሬዲዮ ሰምቶ ነው። ፎቶውን ከየት አመጣኸው ብዬ ስጠይቀው «እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ ያምራል ብዬ» አለኝ። ሬዲዮው ጋ ደወልኩ። አዘጋጇም ከአንድ የውጭ የጤና ገጽ ተርጉማ እንዳቀረበችው ነገረችኝና እንግሊዝኛውን ላከችልኝ።

መዝገበ ቃላቴን ይዤ ተቀመጥኩ። ጽሑፉ ስለ ጣሪያ ያወራል፤ ስለ ግድግዳ ያወራል፤ ስለ ግንባታ ሠራተኞች ጭምብል ያወራል። በግ ግን የለም። ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ፤ አንዲት በግ እንኳ አላገኘሁም። ለካ ነገሩ መስታወት ነው! መስታወት አቅልጠው እንደ ክር ያቀጥኑትና ቤት እንዲሞቅ ጣሪያና ግድግዳ ውስጥ ይጠቀጥቁታል፤ መልኩን አይተው ፈረንጆቹ «የመስታወት ሱፍ» አሉት። ያለ ጭምብል የሚሠራበት ሰው ብናኙን ይስባል፣ ይጎዳል። ተርጓሚዋ «መስታወት» የሚለውን ቃል ዘለለችና «ሱፍን» ብቻ ይዛ መጣች። ሱፍ እንግዲህ በኛ ቋንቋ በጾም ይጠጣል፣ በሠርግ ይለበሳል፤ እንኳን ሙሽራው አልተከሰሰ። ሕፃናቱና ብርድ ልብሱ ከየት እንደመጡ ግን እስካሁን አላገኘሁም። መንገድ ላይ ተሳፍረው መሆን አለበት።

ቅዳሜ ዕለት እየሳቅሁ ዘመሮ ወረድኩ። እትዬም አብራኝ ትስቃለች፣ ልጇን ትመርቃለች፣ እርቁም በዚያው ያልቃል ብዬ ነበር። ነገሩን ስነግራት ግን አልሳቀችም።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ።

እርግጠኛ ነኝ አልኳት።

«የበግ ጠጉር አይደለም?»

«አይደለም እትዬ፤ መስታወት ነው።»

የነጠላዋን ጫፍ አጠቀለለች። «ታምራትን ያቀፍኩት በባና ነበር» አለች።

ታምራት የመጀመሪያ ልጇ ነው። ዳዴ ማለት ሲጀምር ሞተ። እኔ ያኔ የመምህራን ኮሌጅ ነበርኩ፤ ከተመለስኩ በኋላም በቤታችን ስሙ ስለማይነሣ እንዴት እንደሞተ ጠይቄ አላውቅም። ሳል ይዞት ነበር። ባሳለ ቁጥር በረደው ብላ ባናውን ትደርብለታለች፤ ጠበቅ አድርጋ ታቅፈዋለች። እና ሰላማዊት ከደወለችላት ቀን ጀምሮ እህቴ ልጄን በገዛ እጄ ገደልኩት እያለች ለብቻዋ ስትሟገት ከርማለች። ቅያሜ ያልነው ይሄንን ነው።

እዚህ ላይ ነው ሳቄ የጠፋው። ጽሑፉ ስለ በግ ጠጉር አለማውራቱ የበግ ጠጉር ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ አላጠኑትም ማለት ብቻ ነው። ይህን ልነግራት አልደፈርኩም። ዋሽቼ ላረጋጋትም አልፈለግሁም። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ አልኳትና ሰኞ መሐል ሜዳ ሐኪም ፊት ተቀመጥን።

ሐኪሟ ስለ ባናው ብዙም አልጠየቀችም። የጠየቀችው ስለ ታምራት ነው። እትዬም ለእኔ ነግራኝ የማታውቀውን እዚያ ዘረገፈችው፤ መጀመሪያ እንዳተኮሰው፣ ዓይኑ ደም መምሰሉን፣ ፊቱና ገላው ላይ ሽፍታ መውጣቱን፣ ሳሉ እንደጠናበት፣ በዚያ ሰሞን በየጎረቤቱ እንዲያው የታመሙ ልጆች እንደነበሩ።

«እናቴ፣ የሚነግሩኝ ሁሉ የኩፍኝ ነው» አለቻት ሐኪሟ። «ኩፍኝ ሳንባ ላይ ሲወርድ እንዲህ ያደርጋል። ከጎረቤት የተጋባበት ነው እንጂ ከባናው የመጣ አይደለም።»

«እኔ አይደለሁማ?»

«እርስዎ አይደሉም።»

ስለ ልጅ ልጇም መከረቻት፦ ባናውን አራግፋችሁ ፀሐይ አስመቱት፣ ሲተኛ ፊቱ ላይ እንዳይወጣበት፣ በጣምም አትደራርቡበት። እትዬ «እሺ፣ እሺ» እያለች ወጣች። በር ላይ ቆም ብላ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። አላለቀሰችም። ራበኝ አለች፤ ያቀረቡላትን ሽሮ ጥርግ አድርጋ በላች።

ለሰላማዊት ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ግን አለቀሰች። ታምራት የሚባል ወንድም እንደነበራት እንጂ እናቷ እንዲህ እንደተሸከመችው አታውቅም ነበር። ለክርስትናው ልጁን ባናውን አልብሼ ነው የምጠብቃት በልልኝ አለችኝ።

እትዬን ላደርሳት ወደ ዘመሮ በሚሄደው ሚኒባስ አብሬያት ተሳፈርኩ። ስልኬን ስከፍት የቻናሉ ባለቤት የላክሁለትን ማረሚያ አውጥቶልኛል፤ እግዜር ይስጠው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ አገር ሁሉ ተቀባብሎታል፤ የእኔን ግን ከቁብ የቆጠረው የለም። አንድ አንባቢ ብቻ ከሥሩ አስተያየት ጽፏል፦ «ይህንን ለማለት ምንጭህ ምንድን ነው?»

ሊንኩን ልልክለት መጻፍ ጀምሬ ነበር። መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሲናጥ የእትዬ ራስ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ስንት ሰሞን ያጣችውን እንቅልፍ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና እንዳትነቃ ትከሻዬን ዝቅ አደረግሁላት።