ሊቀ ቀለሃ ወልደማርያም እና ሦስቱ ጥይቶች

በየአገሩ አንድ የማያምን ሰው አይጠፋም። አዲስ ድልድይ ተሠርቶ ሰው ሁሉ በላዩ ሲሻገር እሱ ከሥሩ ገብቶ ያንኳኳል። በቅሎ ሲገዛ የበቅሎዋን ጥርስ አይቶ ሲጨርስ የሻጩንም ያያል። ቄሱ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ሲሉት «ከየትኛው ኃጢአት?» ብሎ ይጠይቃል።

ለእኛ ለወገዳ ከተማ ሰዎች የደረሱን አያ ወልደማርያም ናቸው። እኔ በልቤ «ሊቀ ቀለሃ» ብዬ ሾሜያቸው ነበር፤ ምክንያቱም ሊቃውንቱ መጽሐፍ በሚመረምሩበት ትጋት እሳቸው ጥይት ይመረምራሉ።

ነገሩ የመጣው ከአባታቸው በወረሱት ጠብመንጃ ነው። የሰው ጠብመንጃ ከላይ ሲከፈት የሳቸው ከታች ነው የሚጎርሰው። በቃታው ዙሪያ ያለውን የብረት ቀለበት ወደ ታች ስበው ሲመልሱት «ቀጭ ቋ!» ይላል። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ መሣሪያ ሲመዘግብ ስሙን የሚነግረው ቢያጣ «አሮጌ፣ አንድ» ብሎ ጻፈው። ምሊሻው የሚታጠቀው ጥይት አይገባበትም። የሚገባበት ደግሞ ወይ እርጥበት የበላው የአያት ቅርስ ነው፣ ወይ አንዱ አንጥረኛ ባዶ ቀለሃ ለቅሞ እንደገና የሞላው። የመጀመሪያው አይጮኽም፤ ሁለተኛው ከሚገባው በላይ ይጮኻል። ወደ እስቴ በኩል አንድ ሰው በእንዲህ ያለ ጥይት ዓይኑን አጥቷል። አያ ወልደማርያም ይህን ሰው አይተውት አያውቁም፤ ግን የጠፋችው ዓይን የግራ መሆኗን እየማሉ ይናገራሉ።

በየቅዳሜው ገበያ ጁሃር ዘንድ ይመጣሉ። ጁሃር የጨውና የአቡጀዲ ነጋዴ ነው፤ ከጨው ከረጢቱ ሥር ደግሞ ለሚያውቀው ሰው ብቻ የሚያወጣው ነገር አይጠፋም። ሊቀ ቀለሃ ጥይቷን ተቀብለው ከጆሯቸው አጠገብ ይነቀንቃሉ። ያሸታሉ። በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያንከባልላሉ፤ ከተንገዳገደች ወደ ጁሃር ትመለሳለች። ወገቧን በክር ይለካሉ።

«አያ፣ ሊተኩሷት ነው ወይስ ሊድሯት?» ይላል ጁሃር።

«ቀስ! ብረት ይቅርታ አያውቅም።»

«እኔስ? እኔ ስንት ቅዳሜ ይቅር ልበልዎት?»

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ጥይት አልገዙም።

በሦስተኛው ዓመት ግን ታላቅ ወንድማቸው አለበል አልጋ ያዘ። አለበል ያለው አንድ ምኞት ነው፤ አስከሬኑ በዝምታ እንዳይወጣ። በአገራችን ወግ የደህና ሰው ሬሳ ሲወጣ ይተኮስለታል፤ ያልተተኮሰለት ዘመድ የሌለው ይመስላል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ከብዙ ልመና በኋላ ሦስት ጥይት እንዲተኮስ ፈቀደ። የጎረቤት ምሊሻ በራሱ ጠብመንጃ ሊተኩስ ጠይቆ ነበር፤ አለበል እንቢ አለ። ካልቀረ በአባቱ ጠብመንጃ፣ በወንድሙ እጅ ነው።

አንድ ቀን ልጠይቀው ሄጄ ሊቀ ቀለሃን ራስጌው አገኘኋቸው።

«ወልዴ፣ አገኘህ?»

«እያየሁ ነው።»

«አንተ እያየህ እኔ ሁለት ጊዜ ሞቼ ሦስተኛውን ጀምሬያለሁ» አለ አለበል። ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት።

አሁን ስለራሴ ልናገር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ወደ ወገዳ ተመልሻለሁ። መጽሐፍ ይዤ ስለምታይ ከተማው ሁሉን የማውቅ ይመስለዋል። የመድኃኒት ብልቃጥም፣ የሬዲዮ ባትሪም፣ የክስ ወረቀትም እኔ ዘንድ ይመጣል። ትምህርት ቤት ብዙ ነገር አስተምረውኛል፤ «አላውቅም» የምትለዋ ግን አልነበረችበትም።

አለበል ቃል ማውጣት ባቃተው ሳምንት ሊቀ ቀለሃ ከጁሃር ጋር ደጄ መጡ። ሦስት ጥይት ይዘዋል። ነቅንቀዋል፣ አሽትተዋል፣ ለክተዋል፤ የቀረው ከቂጧ ላይ የተቀረጸው የፈረንጅ ጽሑፍ ነው።

«አንብብልኝ፣ ልጄ። ለኔ ጠብመንጃ የተሠራች ናት? አልተነካካችም?»

አንዷን ተቀብዬ ወደ ብርሃን አዞርኳት። ግማሹ ፊደል ተፍቋል። የቀረው ለእኔ ምንም አይልም። ጁሃር ክንዱን አጣጥፎ ያየኛል። ያቋረጥኩት ገጽ ከኋላዬ ተከፍቶ ይጠብቀኛል።

«ደህና ናት» አልኩ። «የዚያው ጠብመንጃ ናት። የፋብሪካ።»

«ሌሎቹስ?»

«እነሱም።» እነሱን እንኳ አልነካኋቸውም።

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ጥይቶቹን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ። በሕይወታቸው አንድም ነገር ሳይከራከሩ የተቀበሉት ያን ቀን ይመስለኛል። እኔም ኮራሁ። እውነቴን ነው፣ ኮራሁ።

አለበል ማክሰኞ ሞተ። ሬሳው ከደጅ ሲወጣ ሊቀ ቀለሃ ጠብመንጃውን ይዘው ከሕዝቡ ፊት ወጡ። «ራቁ! ወዲያ ራቁ!» እያሉ ሰውን ሁሉ ገፉ። «አያ፣ አይተኩሱ፤ አላነበብኩትም» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፍቻለሁ። የሰማኝ ግን የለም፤ ድምፅ አላወጣሁማ። እሳቸው ጠብመንጃውን ከጉንጫቸው አርቀው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ፊታቸውን ወዲያ መልሰው ቃታውን ሳቡ። ሰው ሐዘን መስሎት «ወይኔ ወንድሜ!» እያለ አለቀሰላቸው።

የተሰማው ተኩስ አልነበረም። ቀለሃው ተሰንጥቆ እሳቱ በኋላ በኩል ወጣ። አለበል በአንድ እፍኝ ጭስ ተሸኘ፤ ሁለቱ ጥይቶች ሳይተኮሱ ቀሩ፤ የወንድሙ አውራ ጣት ቆዳ ተገሽልጦ ተንጠለጠለ።

የምሊሻው አዛዥ እየሮጠ መጣ። «ይህን ጥይት ደህና ነው ያለ ማነው?»

እኔ በሦስት እርምጃ ርቀት ቆሜያለሁ።

«ማንም» አሉ ሊቀ ቀለሃ፣ እጃቸውን በጋቢያቸው እየጠቀለሉ። «ቸኩዬ ነው። ሳላየው ነው ያጎረስኩት።»

በለቅሶ መካከል አንድ ሰው ፈገግ ሲል አየሁ። ከዚያ ሌላው። ወልደማርያም ቸኮለ!

በሳምንቱ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ታንጉት ቁስሉን ማር እየቀቡላቸው ነበር።

«አያ፣ ያን ቀን እኔ…»

«አውቄያለሁ» አሉኝ። «የሚያነብ ሰው ዓይኑ ይሄዳል። ያንተ ዓይን ቆሞ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተኮሱ?»

«አለበል ሌላ ቅዳሜ አልሰጠኝም። ደግሞ ዓይኔን አርቄ ነው፤ ለጣት ማን ያለቅሳል?»

«ለምን ቸኮልኩ አሉ?»

እትዬ ታንጉት ቀና ብለው አዩኝ። አያ ወልደማርያም ግን እጃቸውን ነበር የሚያዩት።

«ያንተ ስም ገና ለጋ ነው። የኔ አርጅቷል፤ ትንሽ ቢለበለብ አይታወቅበትም።»

ይታወቅበታል እንጂ። ዛሬ ወገዳ ውስጥ ሽንኩርት ሳያይ የገዛ ሰው «እንደ ወልደማርያም ቸኮልክ?» ይባላል። ባለፈው ቅዳሜ ጁሃር ይህን ሲል ገበያው ሳቀ። ጁሃር ያን ቀን ደጄ ነበር፤ የሸጠው ግን እሱ ስለሆነ እሱም እንደ እኔ ዝምታ ይስማማዋል። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አያ ወልደማርያም ከጎናችን ቆመው የአንድ ሰው ገብስ በመዳፋቸው እያሹ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩኝም። ጠባሳ ያለበት አውራ ጣታቸው ገብሱን እንደ ድሮው አጥብቆ አይዝም፤ ፍሬው በጎን ይፈስሳል።

ከዚህ ከተማ እንደሳቸው የምወደው ሰው የለኝም፤ ፊት ለፊት ግን አልነገርኳቸውም። ስለዚህ በእሳቸው ለሳቃችሁ ሁሉ እዚህ ልጻፈው። አያ ወልደማርያም አልቸኮሉም። ጥይቷን ያየኋት እኔ ነኝ፤ «ደህና ናት» ያልኩትም እኔ ነኝ።