ወንዳፍራሽ የሚባል ሽማግሌ

ሌሊቱን በሕልሜ አገር ምድሩ ተገልብጦ አደረ። ታክሲው ተሳፋሪዎቹ ጫንቃ ላይ ወጥቶ ይሄዳል። ሰው ሁሉ አፉን በቁልፍ ቆልፏል፤ ስልኮቹ ግን እንደ ልባቸው ያወራሉ። እኔ እቴ፣ ምንም አልገረመኝም። ከታክሲው ተሸካሚዎች አንዷ ነበርኩና ሰፈሬ ስደርስ አውርጄው ወደ ቤቴ ገባሁ።

የግቢያችን በር ላይ ጋሽ ፈለቀና ሁለት ጓደኞቻቸው በገመድ ታስረው ሣር ያኝካሉ። እነዚህ ሰዎች በእውን እኔንና ባሌን ንጋቱን ሊያስታርቁ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው። ስልኩን ደፍቶ ያስቀምጣል፣ ሲደወልለት የውሃ ሮቶው ጋ ሄዶ ያንሾካሹካል፣ አልጋ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል ብዬ ብነግራቸው፣ የዕርቁን በግ ጥርግ አድርገው በሉና «ቻይው ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። እኔ ማወቅ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይሄ ሰውዬ አሁንም ይፈልገኛል ወይስ አይፈልገኝም?

ሳሎን ስገባ ሶፋው ላይ በጎች ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ተቀምጠዋል። መሀል ያለውን አወቅሁት። ያን ዕለት ያረድነው በግ ነው።

«ወንዳፍራሽ እባላለሁ» አለኝ። «ያን ቀን የተናገርሽውን የሰማሁሽ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌሎቹ እኔን ይበሉ ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩ። አንጀቴን አራሰው።

«ስልኩ ይቅረብ» አለ።

የንጋቱ ስልክ የንጋቱን ጫማ ተጫምቶ ገባ። እጁን አንስቶ ማለና «ሰናይት የምትባል ሴት ጋ ይደውላል» አለ። ንጋቱ አፉ እንደተቆለፈ ጥግ ላይ ቆሞ ላቡ ይንቆረቆራል። እኔ ደግሞ ቅናቱ እሳት ሆኖ ከእግሬ እስከ ራሴ አቃጠለኝ። ያቺን ሴት ባገኛት በጥርሴ ነበር የምይዛት።

ወዲያው ሰናይት ራሷ እያለቀሰች በመስኮት ገባች።

«ሚስቱ የታለች?» አለች። «እባካችሁ ትውሰድልኝ። ከእኔ ጋር ተቀምጦ የሚያወራው ስለ እሷ አንገት ነው። ሰለቸኝ።»

በጎቹ ተያዩ። እኔ አንገቴን ቀና አደረግሁ፤ ለምን አላደርግ?

ወንዳፍራሽ በከዘራው ወለሉን መታ። «ንጋቱ እንደ አዲስ ይለምናት። ስንዱ ከፈለገች እሺ ትለዋለች፣ ካልፈለገች ታስብበታለች። ዕርቁ ሲያልቅ ደግሞ እንደ ወጉ...» ብሎ ወደ በሩ ተመለከተ። ጋሽ ፈለቀ ሣሩ ጉሮሯቸው ላይ ቀረ።

«ሣር ጨምሩላቸው» አልኩ በመስኮት።

ንጋቱ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። የሰፈሩ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። እኔ በደስታ ሰክሬ ወንዳፍራሽን አንገቱን አቀፍኩት፤ ጸጉሩንም ደባበስኩት። «ወንዳፍራሽዬ፣ ጸጉርህ እንዴት ይለሰልሳል! ከእንግዲህማ አንለያይም» አልኩት።

አንድ ሰው ትከሻዬን ያዘና ነቀነቀኝ። ነግቷል። ንጋቱ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ስልኬን ይዟል። ፊቱን ወደ እኔ ካዞረ ስንት ጊዜው።

«ወንዳፍራሽ ማነው?» አለኝ።

«ሽማግሌ ነው።»

«ጸጉሩ ይለሰልሳል ስትዪ ሰምቻለሁ» አለና እጁን ወደ መላጣው ሰደደ።

አሳዘነኝ፣ ልነግረውም ነበር። ይሄኔ ትራሱ ሥር የእሱ ስልክ ጠራ። ጠራ፣ ጠራ፤ ዞር ብሎም አላየው።

«ንገሪኝ እንጂ ስንዱ» አለ።

ስልኬን ከእጁ ወሰድኩና ኮመዲኖው ላይ ደፍቼ አስቀመጥኩት።

«ቻለው» አልኩት።