ክብርት ቬንዱላና የሃያ ሁለት ቀኑ ዕቅድ

ጓደኛሞች ለጉዞ በተነሱ ቁጥር አንዱ ያቅዳል፣ የቀሩት ያማርራሉ። በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ዘመን ከዚህ የተለየ ነገር ሆኖ አያውቅም። የሚያቅደውን ሰው ማንም አይመርጠውም፤ ራሱን በራሱ ይሾማል። ይግባኝ አይቀበልም። ሥልጣን የሚለቅበት ቀን የለውም። ሁሉም ነገር በሰዓቱና በቦታው የሆነ ዕለት ደግሞ የሚያመሰግነው አንድ ሰው አይገኝም። እናንተም በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ሰው አታጡም። የእኛዋ ቬንዱላ ትባላለች።

ክብርት ቬንዱላ ቁመቷ ከትከሻዬ አያልፍም፤ ድምፅዋ ግን ሦስተኛ ፎቅ ሆና ስትናገር መንገድ ላይ ይሰማል። እሷ፣ ራዲም፣ ያርሚላና እኔ ሉድቪክ እዚሁ ብርኖ ከተማ አራት ዓመት አብረን ተምረናል። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ልንመረቅ ነበር። ከዚያ ራዲም ለሥራ ወደ ኦስትራቫ ከተማ ሊሄድ፣ ያርሚላ ተራራ ሥር ባለች መንደር ልጆች ልታስተምር፣ እኔም ከአጎቴ ጋራዥ ልገባ ነበር።

"ይሄ ሐምሌ ካመለጠን አራታችን አንድ ላይ ሃያ ሁለት ቀን የምናገኘው ጡረታ ስንወጣ ነው" አለች ቬንዱላ አንድ ቀን። ከብርኖ እስከ ሩቋ የውቅያኖስ ዳር ከተማ ፖርቶ በባቡር፣ ቦርሳችንን በጀርባችን አዝለን፣ በተቻለ መጠን አንዲት ሳንቲም ሳናባክን እንድንጓዝ በዚያው ተወሰነ። የወሰነችው እሷ ናት። ጊዜው ኅዳር ነበር።

በማግስቱ ሰማያዊ ክላሰር ይዛ መጣች። እስከ ገና ድረስ ክላሰሩ ወፈረ፤ መጋቢት ላይ በጎማ ካልታሰረ አልዘጋ አለ። እኛም ማክሰኞ ማክሰኞ ከራዲም ቤት በታች ባለው ቢራ ቤት በስብሰባ እንድንገኝ ታዘዝን። አንድ ቀን አራት ደቂቃ ዘግይቼ ደረስኩ።

"ሉድቪክ፣ ቪየና ላይ ባቡሩ ጥሎህ ሄዷል" አለችኝ ሰላም እንኳ ሳትለኝ።

"ኧረ ቬንዲ፣ ገና ታኅሣሥ ነው እኮ!"

"ባቡሩ ታኅሣሥም ይሄዳል። ቁጭ በል።"

ለሚነሳ ጥያቄ ሁሉ አንድ መልስ ነበራት። ያርሚላ "ዝናብ ቢጥልስ?" ብላ ስትጠይቅ "ተጽፏል። ገጽ አሥራ አራት" ትላለች። እኔ "ራዲም ቢጠፋስ?" ስል "ተጽፏል። ገጽ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለትና ሠላሳ ሦስት" ትላለች።

"ለምንድን ነው ለእኔ ሦስት ገጽ?" አለ ራዲም፣ ቅር ብሎት።

"ስለማውቅህ።"

የቦርሳ ክብደት ለአንድ ሰው ስምንት ኪሎ ነው፤ ከዚያ አንዲት ግራም አያልፍም። ግንቦት ላይ የእናቷን የወጥ ቤት ሚዛን ይዛ እየዞረች የያንዳንዳችንን ዕቃ ፈተሸች። የጥርስ ብሩሼን እጀታ በመጋዝ ቆረጠችው። አሁን ጥርሴን ስፍቅ ጣቴ አብሮ አፌ ውስጥ ይገባል። ያርሚላ የያዘችውን ወፍራም ልብ ወለድ ከመሃሉ ገነጠለችና "የመጀመሪያውን ግማሽ ያዢ፤ መጨረሻውን እኔው እነግርሻለሁ" አለቻት። የራዲምን ፎጣ አንስታ የእጅ መሐረብ የሚያህል ጨርቅ ሰጠችው። በእጀታና በወረቀት እንዲህ የጨከነች ሴት ግን አራት ጥንድ የቤት ነጠላ ጫማ፣ ወፍራሙን ባለ ሱፍ ሶሉን፣ ስትመዝን ቃል አልተነፈሰችም። እኛም አልተነፈስንም። ከቤቱ የወጣ ሰው ያለ ቤት ጫማ የሰው ወለል ላይ እንዴት ይቆማል? ለአራታችንም ይህ ጥያቄ ሆኖ አልታየንም።

የምግቡ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ውጭ አገር ገብቶ ምግብ መግዛት ገንዘብ መጣል ስለሆነ፣ አባቶቻችን ወደ ባሕር ዳርቻ ሲሄዱ እንዳደረጉት ሁሉ ሥጋው ተቀጥቅጦ በዳቦ ፍርፋሪ የሚጠበሰውን ኮቶሌት ከቤት ሠርተን እንድንይዝ አዘዘች። አርባ ኮቶሌት። ለየእናቶቻችን አሥር አሥር ተደለደለ። እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ ጉድ ፈላ። የራዲም እናት፣ የያርሚላ እናት ሥጋውን አብዝታ ትቀጠቅጣለች ብለው ተናገሩ፤ ነገሩ ተሰማ፤ ሁለቱ ሴቶች ለሁለት ሳምንት ተኮራረፉ። ቬንዱላ በመሃል ገብታ የኮቶሌቱን ውፍረት በሚሊሜትር ወስና አስታረቀቻቸው።

ግን ኮቶሌት በሐምሌ ሙቀት ስንት ቀን ይቆያል? ይህ በሙከራ መረጋገጥ ነበረበት። አንዱን በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳ ውስጥ ሦስት ቀን አሳደረችውና እሑድ ጠዋት ለራዲም አቀረበችለት። ራዲም እያየነው በላው። እሷ ሰዓቷን ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

"ምን ይሰማሃል?"

"ረሃብ" አለ ራዲም።

"ሦስት ቀን ይቆያል" ብላ መዘገበች።

እውነቱን ልናገር። ያን ሰሞን ከዚህች ልጅ ጋር በተለያየሁ ቁጥር ቆሽቴ አርሮ ነበር ቤቴ የምገባው። ፍራሽ ላይ ስጋደም "አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ ከትእዛዟ ባርፍ!" እላለሁ። ልመናዬን ማን እንደሰማው አላውቅም እንጂ ተሰማ።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ልምምድ ተጠራ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ግድብ፣ ሙሉ ቦርሳ እንደተሸከምን፣ በእግራችን እንድንዞር ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰው ሁሉ በዋና ልብስ ሣር ላይ ተጋድሞ አይስ ክሬም ይልሳል፤ እኛ ድስትና ነጠላ ጫማ አዝለን ላባችንን እናንጠፈጥፋለን። ክብርት ቬንዱላ ከፊት ከፊታችን ትሄዳለች። ፊቷን ወደ እኛ አዙራ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች፣ ሰዓቷን ይዛ።

"ሁለት ደቂቃ ዘግይታችኋል! ራዲም፣ ጥላ አትፈልግ! ትሪየስቴ ላይ ጥላ የለም!"

"ቬንዲ፣ ወደፊት እያየሽ ሂጂ" አለቻት ያርሚላ።

"ወደፊቱን በቃሌ አውቀዋለሁ" አለች፤ ከጀልባ ማቆሚያው ደረጃ ላይም ተንሸራትታ ወደቀች።

ቁርጭምጭሚቷ ተሰንጥቋል። ሐኪሙ እስከ ጉልበቷ ጀሶ አደረገላትና ስድስት ሳምንት አላት። መነሻችን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር።

በማግስቱ ልንጠይቃት ሄድን። በር ላይ ጫማችንን አወለቅን፣ እናቷ ነጠላ ጫማ ሰጡን፣ ገባን። ቬንዱላ ሶፋ ላይ እግሯን በትራስ ደግፋ ተቀምጣለች፤ ዓይኖቿ አባብጠዋል። ገና አፋችንን ሳንከፍት ሦስት ቀጫጭን ጥራዝ ዘረጋችልን።

"ለሦስት ሰው አስተካክዬዋለሁ" አለች።

"አብደሻል?" አለች ያርሚላ። "ያለ አንቺማ አንሄድም።"

"ትሄዳላችሁ! ስምንት ወር የለፋሁበትን በአንድ እግር ልታበላሹብኝ ነው?"

"እንግዲያው አንቺም ነይ፣ በክራንች" አለ ራዲም። "ቦርሳሽን እኔ እይዘዋለሁ።"

"በየጣቢያው እንዳጓትታችሁ? ሸክም መሆን አላውቅበትም። አልሄድም ብያለሁ፤ ተዉኝ" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ትራም ላይ ሆነን ጥራዛችንን ገለጥን። እንከን የለውም። ባቡሩ፣ ማደሪያው፣ ዝናቡ፣ የራዲም መጥፋት፣ ሁሉም በቦታው ነው። በየገጹ የአራታችን ስም ከተዘረዘረበት አንዱን ብቻ በነጭ ቀለም ሸፍናዋለች። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስቼ በብርሃን ሳየው ስሟ ከቀለሙ ሥር ይነበባል። አንጀቴን በላችው። ስምንት ወር ሙሉ የጓጓሁለት ዕረፍት እጄ ገብቶ ነበር፤ ደስ የሚል ነገር ግን ፈልጌ አጣሁበት።

"አሁን ማን ሊቆጣን ነው?" አለ ራዲም። "እኔ እኮ ሰው ካልጮኸብኝ ከአልጋ አልነሳም።"

ከዚያ ልመናው ተጀመረ። ራዲም አበባ ይዞ ሄደ፤ አበባውን ተቀብላ እሱን መለሰችው። ያርሚላ ሄዳ አለቀሰች፤ አብረው ተላቀሱና መልሱ ያው "አልሄድም" ሆነ። ተራው የእኔ ነበር። እኔ ደግሞ ማልቀስ አይሆንልኝም።

በሕይወቴ አቅጄ የማውቀው ነገር ቢኖር የገዛ ልደቴን ነው፤ እሱንም ረስቼው እንግዶቹ በር ሲያንኳኩ ነው ያስታወስኩት። ቢሆንም የትምህርት ቤት ካሬ ደብተር ገዛሁና ከተማው ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀመጥኩ። የትኛው ጣቢያ አሳንሰር እንዳለው፣ የትኛው ማደሪያ ምድር ቤት አልጋ እንደሚሰጥ ፈለግኩ። ትሪየስቴ ላለ አንድ ማደሪያ ደውዬ በተሰባበረ ጣልያንኛ ደረጃ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ ባለቤቱ ስለ ራሱ ጉልበት ሕመም ሩብ ሰዓት አወራኝ፤ እኔም ጻፍኩት። ማክሰኞ ማታ ለራዲም ደወልኩለት።

"ነገ በአራት ሰዓት እነቬንዱላ ቤት። አራት ሰዓት ስል አራት ሰዓት ነው፤ አትዘግይ!"

"ኧረ የፈጣሪ ያለህ" አለ ራዲም፣ "ሁለት ሆናችሁ?"

ረቡዕ ሦስታችንም በሰዓቱ ደረስን። "ዕቅድ ሠርቻለሁ" አልኳት። "ለአራት ሰው።"

"ሉድቪክ፣ በስንት ቋንቋ ልንገርህ? አልሄድም።"

"እሺ። አታይው" ብዬ ደብተሩን ጭኗ ላይ ባለው ብርድ ልብስ ላይ ጣል አደረግኩት።

እናቷ የቼሪ ኬክና ሻይ አቀረቡ። ስለ አየሩ አወራን፣ ስለ ምርቃቱ አወራን። ቬንዱላ ደብተሩን አታየውም። ከዚያ ሽፋኑን አየችው። ከዚያ በአንድ ጣቷ ገለጥ አደረገችው።

"ይሄ ሰባት ነው ወይስ አንድ?"

"ሰባት።"

"ሰባት እንዲህ አይጻፍም።" ሌላ ገጽ ተገለጠ። ራዲም የጎረሰውን ኬክ ማኘክ አቆመ።

"ሉድቪክ።"

"አቤት።"

"ሚላኖ ላይ ባቡር ለመቀየር ስምንት ደቂቃ ነው የሰጠኸው።"

"ይበቃል ብዬ ነው።"

"ከጣቢያው ጫፍ እስከ ጫፍ? በክራንች? ልትገድለኝ ነው?"

ያርሚላ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። እኔም እንደ ጥፋተኛ አንገቴን ደፋሁ። ቬንዱላ ከፀጉሯ ውስጥ ቀይ እርሳስ መዘዘችና ደብተሩን ወደ ራሷ ጎተተችው። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማት! ጄኖቫን ሰረዘች። ባርሴሎናን ወደ ማክሰኞ አዛወረች። እሑድ ሱቅ ሁሉ በሚዘጋበት ከተማ እሑድ እንድንገዛ የጻፍኩትን ዳቦ በሁለት መስመር ሰረዘችው። "ይሄን ይዛችሁ ብትወጡ ብሬክላቭን ሳታልፉ ታልቁ ነበር" አለች። ብሬክላቭ ከብርኖ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ገና የእኛው አገር ነው።

ያን ሁሉ ስሕተት አስቤበት፣ ሆን ብዬ፣ እሷን ለማጥመድ አደረግኩት ብል ደስ ባለኝ። ራዲም ዛሬም እንዲያ ነው የሚያምነው፤ እኔም አላስተባብልም። እውነቱ ግን ከዚያ የተሻለ አልችልም ነበር። በሙሉ ልቤ ለፍቼ የሠራሁት ምርጡ ዕቅዴ ያ ነው።

የማደሪያዎቹ ዝርዝር ላይ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ። የትሪየስቴው ማደሪያ ነው፤ ሁለት ተደራራቢ አልጋ፣ አራት ሰው።

"እዚህ ላይኛው አልጋ ላይ የሚተኛው ማን ነው?" አለች፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ።

ደብተሩን አየሁት። ስሞቹን በቸልታ ነበር የደረደርኳቸው።

"አንቺ" አልኳት።

እናቷ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ በር ላይ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ቬንዱላ ላይኛውን አልጋ በቀይ ሰረዘችና "ሉድቪክ" ብላ ጻፈችበት። ታችኛው ላይ፣ ቀስ ብላ፣ አንድ ፊደል ሳትዘል፣ የራሷን ስም ጻፈች።

"ምን ትመለከቱኛላችሁ?" አለች ቀና ብላ፣ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች። "ሁለት ሳምንት ከሦስት ቀን ነው የቀረን። ወረቀት አውጡ፣ ጻፉ!"

እኔም ጥፍር የሚያህል የጥርስ ብሩሽ ይዤ፣ በየጣቢያው እየተቆጣችኝ፣ ሃያ ሁለት ቀን ልጓዝ እንደሆነ ገባኝ። ወረቀት አወጣሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ትእዛዝ ተቀብዬ አላውቅም።