የቅባት ሚኒስትሯ

እስቲ አልጋ ላይ የሰነበተውን ሽማግሌ ተረከዝ እዩ። ፊቱንማ ጠያቂ ሁሉ ያየዋል። ብርድ ልብሱን ግለጡና ተረከዙን እዩ።

አዛውንት በሚተኛበት የሆስፒታል ክፍል ሁሉ፣ ማንም ሳይሾማቸው የተሾሙ አንዲት ሴትዮ አይጠፉም። የእኛዋን «ክብርት የቅባት ሚኒስትር» ብያቸዋለሁ። የሥልጣን ምልክታቸው በፌስታል የተጠቀለለ የወይራ ዘይት ጠርሙስ ነው፤ ማርና እሬት በምክትልነት ይከተላሉ። ሳል ቢባል፣ ስብራት ቢባል፣ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ቅባት ነው የጎደለው!» ሐኪሙ ደም ግፊት ሲለካ እንኳ ከኋላው ቆመው «ትንሽ ቅባት ብትነካካው አይከፋም፣ ልጄ» ብለውታል።

እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን በራሴ አንብቤ ያወቅሁ ነኝ፤ ዝም ማለት አልችልበትም። አባቴ በተኛ በሳምንቱ እግሩን ሊገልጡ ሲመጡ ደሜ ፈላ።

«እንቅልፍ ወስዶታል፣ አይቀስቅሱት!»

«ይተኛ፣ ልጄ። ግን እስከ መቼ በጀርባው ብቻ?»

«የሰላጣ ዘይት ይዘው ሐኪም አይሁኑብኝ!»

ጠርሙሳቸውን አቅፈው ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ። እኔም አንሶላውን ወጥሬ አባቴን በፀጥታ ጠበቅሁት። ሦስት ቀን ሙሉ!

በሦስተኛው ቀን ነርሷ አንሶላ ልትቀይር ስታገላብጠው፣ ከወገቡ በታች መዳፍ የሚያህል ቦታ ቀልቷል። በጣቷ ብትጫነው ቅላቱ አልለቅ አለ።

«የመኝታ ቁስል ሊጀምራቸው ነው። ከተገላበጡ ስንት ቀናቸው ነው?» አለችኝ።

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

«ሠላሳ አልጋ ለብቻዬ ነው፣ እህቴ።»

የምጮህበት ሰው አጣሁ። ዞር ስል ክብርትነታቸው የማያውቋቸውን አዛውንት በጎናቸው አዙረው፣ ጀርባቸውን መርምረው፣ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ከባታቸው ሥር ትራስ ሲያስገቡ አየሁ። ለካ ለመቀባት ማገላበጥ ግድ ነው! ዘይቱ ራሱ መርዳቱን እስካሁን አላመንኩም። እጃቸው ግን ይረዳል።

«የእርስዎ ታማሚ የትኛው ነው?» አልኳቸው አንገቴን ደፍቼ።

በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ አሳዩኝ። አንድ ወጣት ተኝቶበታል።

«ባለቤቴ እዚያ ነበር። ፊቱን ስስም ከረምኩ፤ ጀርባውን አላየሁለትም። ቁስሉ ነው የወሰደው። ከሞተ አራት ዓመቱ።»

አባቴን አብረን በጎኑ አዞርነው። ነርሷ «የቀላውን እንዳታሹት» ስትል፣ ሚኒስትሯ በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠርሙሳቸውን ከደኑ። በየሁለት ሰዓቱ ስናዞረው ከርመን ቅላቱ ለቀቀ።

ያን ቀን እጃቸውን ሲታጠቡ ሳቅ አሉና «የእኔን ጀርባ ማን ያየው ይሆን?» አሉኝ። ቤታቸው ከእሳቸው በቀር ሰው የለም። እኔ ለፍላፊዋ ፎጣ ብቻ አቀበልኳቸው።

መልሴ ይኸው። አንድ ቀን፣ ራስጌያቸው የዘይት ጠርሙስ ያለ፣ ጠያቂ የሌላቸው አሮጊት ተኝተው ካያችሁ፣ እኔ እስክደርስ በጎናቸው አዙሩልኝ። ስለ ቅባቱም አትከራከሯቸው።