የጋሼ ደምሴ በሽታ

ደግነት ጨብጥ ያስይዛል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ በሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ መዝገብ ያዥ ሳለሁ አይቻለሁ።

ሽማግሌው ጋሼ ደምሴ የጤና መድህን ደብተራቸውን ለቸገረው ሁሉ ያውሳሉ። ደብተሩ ላይ ያለውን ፎቶስ በዚያ ሙቀት ማን ልብ ይላል? የአባላዘር በሽታን በመድህን መዝገብ የሚከታተለው ቢሮ ግን፣ ጋሼ በዓመት ሦስቴ ለጨብጥ እንደታከሙ አይቶ «ባለቤታቸው ይቅረቡ» ብሎ ጻፈልን። ባለቤታቸው ካረፉ ስንት ዘመናቸው!

«ጋሼ፣ ደብተሩን ለማን አዋሱት?» አልኳቸው አስጠርቼ።

«ለጎረቤት ነዋ! የሱ ደብተር ሚስቱ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቢጠይቃት ታውቅበታለች። ስሙን ግን አልነግርሽም፤ የሰው ገመና ነው።»

«ሚስቱ ካልታከመች እሱም ደጋግሞ ይያዛል፤ እሷም መካን ልትሆን ትችላለች።»

ጋሼ ደብተራቸውን ይዘው ወጡ። በማግስቱ አንገታቸውን የደፉ ባልና ሚስት በባጃጅ ይዘው መጡ።

«ይኸው የኔ ልጅ፣ በሽታዬን ከነሚስቱ አመጣሁልሽ» አሉኝ።