ነፋስ አሳዳጁ ሱሌማን

በአገራችን ነፋስ የማይፈራ ሰው የለም። ሚኒባስ ውስጥ ሃያ ሰው ታፍኖ ላቡ ሲንጠፈጠፍ እንኳ መስኮት ቢከፈት "ነፋስ ይመታኛል" ባይ አይጠፋም። የመካነ ሰላሙ ክቡር ሊቀ ጠበብት ሱሌማን ግን ከሁሉም ይብሳል።

ሱሌማን ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር። አሁን ከአሮጌ ፍሪጅ በነቀለው ሞተር የካርቦን ፋይበር ዕቃ ይሠራል። ጥቁሩን ጨርቅ በጄሶ ቅርጽ ላይ ይደራርብና በላስቲክ ያሽገዋል። ሞተሩ አየሩን መጥጦ ሲያወጣ ሙጫው ከባልዲ በቱቦ ይሳባል፤ ጨርቁም ጠጥቶት እንደ ብረት ይጠነክራል። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነፋስ ከገባች ግን ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ስለዚህ ጆሮውን ላስቲኩ ላይ ለጥፎ "ዝም በሉ! ነፋስ አለ!" ሲል ይውላል። አንድ ቀን የሰፈሩን ወፍጮ አስቁሟል። ጎረቤቱ ዝናሽ ሽሮ ስታንተከትክ "ፉጨት ሰማሁ" ብሎ ድስቷን ከፍቶ መርምሯል።

ይህ ሁሉ ለሸህ ሀቢቡላህ ሰው ሠራሽ እግር ነው። የከተማውን ግማሽ ልጅ ፊደል አስቆጥረው ቁርአን ያስቀሩት ሸህ አንድ እግራቸውን ከጉልበት በታች ካጡ ስድስት ዓመታቸው ነው። "መሄዱስ ይቅር" አሉት፤ "ሰው ሲገባ ተነስቼ 'ኖር' ማለት አቃተኝ። ምርኩዜን ፈልጌ እስክነሳ እንግዳው ተቀምጦ ያልቃል። ወላሂ ይኸ ነው የሚያንገበግበኝ።"

ጨርቁ ለሦስት ሙከራ ብቻ ይበቃል። ማጣበቂያ ስላነሰው እኔን፣ ልብስ ሰፊውን ፈንታዬንና መምህር አወቀን ጠርቶ የላስቲኩን ጠርዝ በጣት አስያዘን። ሙጫው ግማሽ መንገድ እንደ ደረሰ ሸሁ እግራቸውን ሊጎበኙ ብቅ አሉ። "ኖር!" ብለን ሦስታችንም ብድግ። "በአላህ፣ በአላህ! ቁጭ በሉ" እስኪሉን ላስቲኩ ነፋስ ሞልቶ ተነፋ።

በማግስቱ ሱሌማን ከአግዳሚው ወንበር ጋር በገመድ ጠፈረን። ሸሁ ደግመው መጡ። ተንፈራገጥን እንጂ አልተነሳንም። ያልታሰረው ሱሌማን ግን ቱቦውን ከባልዲው መዝዞ እንደ ያዘ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቱቦው በሙጫ ፈንታ ነፋስ ይስባል።

"ምን ላድርግ? እሳቸው እኮ ናቸው!" ብሎ እኛው ላይ ጮኸብን።

ለመጨረሻው ጨርቅ መላ ተገኘ። ሸሁን ከማንም በፊት አስገባና ጠርዙን እሳቸውንም አስያዛቸው፤ በሩን ቆለፈ። ሰውም አልገባም፣ ነፋስም አልገባም። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዶሮ ተሸክማው የምትሮጥ ቀላል እግር ወጣ። ሲያስረክባቸው ሙጫው በደንብ እንዲደርቅ ሳምንት ሳይሞላው እንዳይረግጡበት አስጠነቀቃቸው።

በአምስተኛው ቀን ልኩን ሊያይ እቤታቸው ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። ገና ደፉን ስንረግጥ ሸሁ ምርኩዝ ሳይነኩ ብድግ አሉ።

"ኖር፣ ሱሌማን!"

"ኧረ በአላህ ይቀመጡ! ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል!"

"አንተ ሳትቀመጥማ አልቀመጥም።"

"እርስዎ ቆመው እኔ እንዴት እቀመጣለሁ?"

ይህን ሰውዬ ስንት ጊዜ አምቼዋለሁ። በዚያች ሰዓት ግን፣ በአንድ ዓይኑ አዲሱን እግር በሌላው ሸሁን እያየ በእንባና በላብ ሲርስ፣ ወንድሜ በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

ሸሁ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ። "ስድስት ዓመት ተቀመጥኩ፣ ልጄ" አሉት። "አሁን ተራው ያንተ ነው።"

ሱሌማን ተቀመጠ።