ስሟ የማይነገር አበባ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። የሰውስ እሺ፤ አበባ ግን ስሙ ካልታወቀ እንኳን ከመቃብር በላይ ጓሮ ውስጥም አይውል። ጤና አዳም ስም አለው፣ ዳማ ከሴም ስም አለው፤ ስለዚህ ከነክብራቸው ይኖራሉ። ስም የሌለው አረም ነው።

እኔ ጎንደር ከተማ ባዮሎጂ ሳስተምር የሸበትኩ ሰው ነኝ። ዘመድ ወዳጁ የማያውቀው ቅጠል ባየ ቁጥር እኔን ይጠራል። ስለ እንቁራሪት ብጠየቅ ይሻለኝ ነበር፤ ማን ይጠይቀኛል?

ባለፈው ግንቦት የጠሩኝ አያ ሞላ ናቸው፤ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ሆነው ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ቀያቸው ወደ ኮሶዬ የተመለሱ። ሲሄዱ ከግቢው አጥር ሥር አንዲት አበባ አስፈቅደው ነቅለው በጋቢያቸው ጠቅልለው ወስደዋል። ልብ በሉ፣ በዚያ አጥር ሥር እኔም ዕድሜዬን ተመላልሻለሁ፤ አበባዋን ግን አይቻት አላውቅም። አሁን ባለቤታቸው እትዬ ውዴ መደቡን ለነጭ ሽንኩርት ፈልገውታል። ስሟና ጥቅሟ ዛሬውኑ ካልታወቀ ልትነቀል ነው።

ስደርስ አያ ሞላ ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝና «መምህር፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን ይዤ የወጣሁት እሷን ብቻ ነው» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ስልኬ ኔትወርክ የለውም። አሮጌ መጽሐፌን ከቦርሳዬ አውጥቼ ተንበረከክሁ። ቅጠሏ እንደ ጎራዴ የቆመ፣ አበባዋ ሐምራዊ፤ ሦስቱ የአበባዋ ቅጠሎች ወደ ላይ ቀጥ ብለዋል፣ ሦስቱ እንደ ምላስ ተንጠልጥለው ቢጫ ጢም አብቅለዋል። በጢሟ ለየኋት።

«አይሪስ ትባላለች» አልኩ በኩራት።

«ምን ታደርጋለች?» አሉ እትዬ ውዴ።

«ታብባለች።»

«ከዚያስ?»

«ትጠወልጋለች።»

እትዬ ውዴ ዶማቸውን አነሡ። አያ ሞላ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው መሬት መሬቱን አዩ።

መቼም ታውቁታላችሁ፣ ባገራችን መድኃኒት አዋቂ ሥሩን ይሰጣል እንጂ ስሙን አይናገርም፤ ስሙ ከተነገረ ፈውሱ ይጠፋል ይባላል። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «እትዬ፣ ያልኩዎ የፈረንጅ ስሟን ነው። እውነተኛው አይነገርም። አትበላም፣ አትጠጣም፤ በየጠዋቱ ማየት ብቻ ነው።»

ዶማው ተቀመጠ። «ምነው ቀድመህ ይኸን አትለኝም?» ብለው ባላቸውን ተቆጡ። የአያ ሞላ ዓይን ግን ይስቅ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መስከረም ላይ ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ የቃሪያ መደቤን ገልብጣ እንደ ጎራዴ የቆመ ቅጠል ተክላበታለች። ምንድን ነው ብላት ግራ ቀኙን ቃኝታ «ስሟ አይነገርም» አለችኝ። ከኮሶዬ በስንት ልመና የመጣች መሆኗን፣ እንደማትበላና እንደማትጠጣ፣ በየጠዋቱ ካየቻትም ራስ ምታቷ እንደሚተዋት አስረዳችኝ። «አንተ መቼም በዚህ አታምንም» ስትልም ጨመረችበት።

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ወዲያው ግን በሩን ተደግፎ የቆመውን ዶማ አየሁና መልሼ ዘጋሁት።

አሁን በየጠዋቱ አብረን እናያታለን። እናንተ ስለሆናችሁ አልደብቃችሁም፣ ወገቤን ትንሽ ሻል ብሎኛል።